ሳትዋሹ ማስታመም፦ ሥራ እየሠራችሁ ቤት ውስጥ ታማሚ ላላችሁ

የአንዲት ባልደረባ እናት ስታርፍ መሥሪያ ቤት እንዴት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ሰርቪሱ ወደ ለቅሶ ቤት ይታዘዛል። የመዋጮ ወረቀት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሎ ንፍሮ ይዘግናል። ጥሩ ባህል ነው፣ ማንም እንዳይነካብን።

ግን ያቺው ባልደረባ ከዚያ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ እናቷን አስታማለች። ማክሰኞ ማክሰኞ አርባ ደቂቃ እያረፈደች ትገባ ነበር። ያገኘችው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። ይህን የማውቀው ደብዳቤውን ያረቀቅኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። ሰው ኃይል ክፍል ነበርኩ። ለምን እንደምታረፍድ አልጠየቅናትም፣ እሷም አልነገረችንም።

ሰው ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» ይላል። ሁለቱ አብረው ነው የሚሄዱት። መሥሪያ ቤቶቻችን ግን የሚያውቁት ቀባሪውን ብቻ ነው። ሕጉም ቢሆን ለቀብር ቀን ቆጥሮ ይሰጣል፤ ለማስታመም በስሙ የተጠራ ፈቃድ የለውም። ስለዚህ አስታማሚ ሠራተኛ ያለውን ቀዳዳ ሁሉ ማወቅ አለበት። ከታች የጻፍኩት በግል ድርጅት፣ በፋብሪካ፣ በሆቴል ወይም መንግሥታዊ ባልሆነ ድርጅት ለምትሠሩ፣ ማለትም በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለምትተዳደሩ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የራሳችሁ አዋጅ አላችሁ። የፈቃዱ ዓይነትና የቀኑ ቁጥር ይለያል፣ አካሄዱ ግን ብዙም አይለይም።

1. መጀመሪያ ሰዓታችሁ የት እንደሚሄድ ጻፉ

«ቤት ውስጥ ከብዶኛል» ብላችሁ አለቃ ጋ ከገባችሁ የምታገኙት ምክር ነው፣ «አይዞሽ፣ ፀሎት አድርጊ» የሚል። ሰዓት ለማግኘት ሰዓት ቆጥሮ መሄድ ያስፈልጋል።

ለሁለት ሳምንት ትንሽ ደብተር ያዙ። ወይም ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ምን ቀን፣ ከስንት እስከ ስንት፣ ለምን። እኛ አገር ሆስፒታል ውስጥ አስታማሚ ማለት አበባ ይዞ የሚመጣ ጠያቂ አይደለም። ካርድ የሚያወጣው፣ ለወረፋ ሌሊት የሚሰለፈው፣ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ የሚያደርሰው፣ ውጤት የሚቀበለው፣ የጠፋ መድኃኒት ከፒያሳ እስከ ቦሌ የሚፈልገው፣ የሚያጥበውና የሚመግበው እሱ ነው። ይህ ሁሉ ደብተሩ ላይ ይግባ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስታዩት ጉዳያችሁ ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ ይገባችኋል። የኩላሊት እጥበት ያለበት አባት በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ለአራት ሰዓት ያህል ማሽን ላይ ይውላል። ቀኑ የታወቀ ስለሆነ የሚያስፈልጋችሁ የሰዓት ማስተካከያ ነው። ኬሞ የምትወስድ እናት ደግሞ በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ለጥቂት ቀን ትደክማለች፤ ለእሷ የሚሻለው የተከፋፈለ ዓመት ፈቃድ ነው። የመርሳት ሕመም ያለባቸው አያት ግን ቀጠሮ የላቸውም። መቼ በር ከፍተው እንደሚወጡ አይታወቅም። እዚህ ጋ ከፈቃድ በላይ የሚያስፈልገው ስልክ ማንሳት መቻል ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ካላችሁ ጭንቁ የመውጫ ሰዓት ነው፤ ከትምህርት ቤት የሚያወጣው ሰው ከሌለ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም።

2. ከአለቃ በፊት ቤተሰብ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ከአራት አምስት ልጆች መካከል የማስታመሙ ሥራ አንዱ ላይ ይወድቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቤት የቀረችው ሴት ልጅ ላይ። ሌሎቹ «እግዜር ይስጥሽ» ይላሉ። ውጭ ያለው ብር ይልካል።

ብሩ ይመስገን፣ ግን ብር ታማሚ ታክሲ ላይ አያሳፍርም። ስለዚህ «ምን ላግዝ?» ለሚል ሁሉ የተቆረጠ ነገር ስጡት። ለአንዱ «ሐሙስ የአንተ ነው» በሉት። ውጭ ላለችው «ማክሰኞና ዓርብ የሚያድር ሰው የምንቀጥርበትን አንቺ ቻይ» በሏት። አለቃችሁ «ሌላ ሰው የለም ወይ?» ማለቱ አይቀርም። ይህን አስቀድማችሁ ከጨረሳችሁ መልሱ አፋችሁ ላይ ነው።

አሜሪካ ያለ ወንድም ወይም እህት «ሥራ አይለቀኝም» ካለ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁት፦ ኤፍኤምኤልኤ የሚባለውን ሕግ ያውቀዋል? ከ1993 ጀምሮ ያለ የፌዴራል ሕግ ነው። 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት ቢያንስ 12 ወር የሠራ፣ በመጨረሻዎቹ 12 ወራትም 1,250 ሰዓት የሞላ ሰው በጠና የታመመ ወላጁን፣ የትዳር ጓደኛውን ወይም ልጁን ለመንከባከብ በዓመት እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ደመወዝ የለውም፣ ቦታው ግን ይጠበቅለታል። ብዙ ሰው የማያውቀው ታማሚው ኢትዮጵያ ቢሆንም እንደሚሠራ ነው። የእዚህ አገር ሐኪም የሰጠው ማስረጃ ተቀባይነት አለው፣ በእንግሊዝኛ ካልሆነ አሠሪው ሲጠይቅ አስተርጉሞ ማቅረብ ብቻ ነው። ለአማትና ለወንድም እህት ግን አይሆንም።

3. ያላችሁን ቀን ቁጠሩ

የሥራ ውላችሁን፣ የድርጅቱን የሥራ ደንብ፣ ማኅበር ካለ የኅብረት ስምምነቱን አውጡ። የኅብረት ስምምነት ከአዋጁ የተሻለ ሊሰጥ ስለሚችል ከእሱ ጀምሩ። እሱ ዝም ካለ የአዋጁ ይሠራል።

የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ሰባት ዓመት የሠራ ሰው 19 ቀን አለው ማለት ነው። ፈቃዱን ሠራተኛው ጠይቆ አሠሪው ከተስማማ ለሁለት ከፍሎ መውሰድ ይቻላል። ከዚያ በላይ መበጣጠስ፣ ማለትም ግማሽ ግማሽ ቀን መውሰድ፣ በድርጅቱ ፈቃደኝነት ነው። ብዙ ቦታ ግን ይደረጋል፣ ስለዚህ ጠይቁ። ማስተላለፍም ይቻላል፣ ከሁለት ዓመት ግን አይበልጥም። አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ የሕክምና ወጪ ሲበዛ «ፈቃዴን በብር ስጡኝ» ማለት ያምራል። ሥራ ላይ እስካላችሁ ድረስ ፈቃድን በገንዘብ መለወጥ ክልክል ነው። ባይከለከል እንኳ ከብሩ ይልቅ ቀኑ ነው የሚጠቅማችሁ።

አንቀጽ 81 ላይ የቤተሰብ ጉዳይ ፈቃድ አለ። ለጋብቻ፣ እንዲሁም የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ ወይም በሥጋም በጋብቻም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ ዘመድ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ይህ የቀባሪው ነው። ለጧሪው የሚሆነው እዚያው አንቀጽ ውስጥ ዝቅ ብሎ የተቀመጠው ነው፦ ልዩና ከባድ ሁኔታ ሲያጋጥም እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ፣ በበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ። እናት በድንገት ስትሮክ መትቷት ሆስፒታል ስትገባ፣ ልጅ ኦፕራሲዮን ሲሆን፣ ይህን ጠይቁ። ደመወዝ ይቀራል፣ ነገር ግን «ያለ ፈቃድ ቀረ» አትባሉም። ለመደበኛ ቀጠሮ አታባክኑት።

የሕመም ፈቃድ የራሳችሁ ሕመም እንጂ የእናታችሁ አይደለም። ግን አስታማሚም ይታመማል። ታማሚ ሲያነሱ የተቀጨ ወገብ፣ ለወራት ያልተተኛ ሰው ድብርት፣ እውነተኛ ሕመም ነው። የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ ፈቃዱ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ይደርሳል፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ። ለራሳችሁ ሐኪም ፊት ቅረቡ።

4. ሦስት ወጥመዶች

አንዱ ማርፈድ ነው። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊሰናበት ይችላል። መቅረት ደግሞ በድምሩ 5 ቀን ነው፣ እሱም በ6 ወር ውስጥና በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ልብ በሉ፣ የቀራችሁበት ቀን ከአዋጁ ፈቃዶች በአንዱ ውስጥ የሚገባ ከሆነ አይቆጠርም። ስለዚህ የቀራችሁበት ቀን ሁሉ የሆነ የፈቃድ ስም ይኑረው። ስም የሌለው ቀን ነው የሚያስባርረው።

ሁለተኛው የውሸት የሕመም ወረቀት። ሰፈር ክሊኒክ ያለ ጓደኛ «ሦስት ቀን ልጻፍልሽ?» ይላል፣ ለደግነት ነው። ተቀበላችሁ ማለት የእናታችሁን ሕመም ወደ እናንተ ማታለል ለወጣችሁት። ከተነቃ ጉዳዩ ማስታመም መሆኑ ይቀራል፣ ማጭበርበር ይሆናል። ሰው ኃይል ደግሞ ከምታስቡት በላይ ይነቃል። የአንድ ክሊኒክ ማኅተም አራት ጊዜ ሲመጣ ማን አያይም?

ሦስተኛው «በቃል ነግሬዋለሁ» ማለት። የነገራችሁት ሺፍት መሪ በወር ውስጥ ሊቀየር ይችላል። ደብዳቤ ግን ፋይል ውስጥ ይቆያል።

ሙከራ ላይ ያላችሁ ደግሞ ጥንቃቄ አድርጉ። ሙከራው እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል፣ በዚያ ጊዜ ማሰናበት ቀላል ነው። ከቻላችሁ የሺፍቱን ጉዳይ ከመፈረማችሁ በፊት ተነጋገሩ።

5. የምትጠይቁትን ነገር አንድ አድርጉት

ደብተራችሁን ተመልክታችሁ አንድ ዋና ጥያቄ ምረጡ፣ ቢበዛ ሁለት። አምስት ነገር የጠየቀ ሰው አንድም አይሰጠውም።

ቀኑ ለታወቀ ቀጠሮ ሰዓት ማሸጋሸግ ይመረጣል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። አዋጁ ከሳምንቱ ቀናት አንዱን አሳጥሮ ልዩነቱን ለሌሎቹ ማከፋፈልን ያውቃል፣ በቀን ከ2 ሰዓት በላይ ጭማሪ እስካልሆነ ድረስ። መነሻው የሥራው ጠባይ እንጂ የሠራተኛው ችግር አይደለም፣ ስለዚህ «መብቴ ነው» ብላችሁ አትግቡ። «ሕግ አይፈቅድልንም» ለሚል አለቃ ግን በቂ መልስ ነው። ሺፍት ላይ ከሆናችሁ ከአንድ ባልደረባ ጋር ቋሚ ልውውጥ ተነጋግራችሁ ሁለታችሁም ፈርማችሁ አቅርቡ። ሰርቪሱ ሌላ ፌርማታ ላይ ቢያወርዳችሁ ወይም የሁለተኛው ዙር ሰርቪስ ላይ ብትመዘገቡ ግማሽ ሰዓት ትርፍ ልታገኙ ትችላላችሁ። ለድርጅቱ ምንም ወጪ የለውም።

ስለ ስልክ ለብቻው ልናገር። ብዙ ፋብሪካ ስልክ በር ላይ ይቀበላል። ውስጥ ያለች ሠራተኛ ቤቷ ልጇ ቢወድቅ ማታ 12 ሰዓት ላይ ነው የምታውቀው። ሙሉ ቀን ልቧ ተሰቅሎ ትውላለች። እዚህ የሚጠየቀው ስልክ ይዤ ልግባ አይደለም፣ እሱ አይፈቀድም። የሚጠየቀው አንድ ቁጥር ነው፤ የጥበቃው ወይም የሱፐርቫይዘሩ፣ ቤት ያለው ሰው ደውሎ «ጥሩልኝ» የሚልበት። ከጠየቃችሁት ሁሉ ቶሎ የሚፈቀድላችሁ ይህ ይመስለኛል።

ትርፍ ሰዓትም አለ። ሕጉ ካስቀመጣቸው ሁኔታዎች ውጪ፣ ለምሳሌ አደጋ ካልደረሰ ወይም አስቸኳይ ሥራ ካልመጣ፣ ማንም አያስገድዳችሁም። ሲኖርም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም።

6. ንገሩት፣ ግን ሁሉንም አትንገሩት

አስቸጋሪው ይህ ነው። እኛ ዘንድ በሽታ ምሥጢር ነው። ካንሰርን በስሙ የማንጠራ ሰዎች ነን። የአእምሮ ሕመም ከሆነማ ጭራሽ። ደግነቱ የበሽታውን ስም መናገር አይጠበቅባችሁም። አዋጁ ፈቃድ የሚፈልግ ሠራተኛ አስቀድሞ እንዲያሳውቅና ሲጠየቅ ማስረጃ እንዲያቀርብ ይላል። ከሐኪሙ የምትጠይቁት ወረቀት ሁለት ነገር ከያዘ ይበቃል፦ ታማሚው አስታማሚ እንደሚያስፈልገውና የቀጠሮ ቀኖቹ።

ኮሪደር ላይ አታናግሩት። ደመወዝ በሚሠራበት ሳምንትም አይሁን። እንዲህ መጀመር ይቻላል፦

«ጋሼ፣ አሥር ደቂቃ ይሰጡኛል? የቤት ጉዳይ ነው፣ ግን ሥራዬን ስለሚነካ ማወቅ አለብዎት ብዬ ነው።»

ከዚያ ደብተሩ፣ ከዚያ ጥያቄው፣ ከዚያ ሥራው እንዴት እንደማይጎዳ። «ችግር የለም፣ እናያለን» ይላሉ። «እናያለን» መልስ አይደለም። «እሺ፣ እንግዲያው በደብዳቤ ላቅርብልዎት» ብላችሁ ውጡ።

7. ደብዳቤው

አጭር ይሁን። ልመናም ክስም አይሁን። ለምሳሌ በ2:30 ገብቶ በ11:30 ለሚወጣ ሰው፦

*ቀን፦ …*
*ለ … ክፍል ኃላፊ*
*ጉዳዩ፦ የሥራ ሰዓት ማስተካከያ ስለመጠየቅ*

*ከላይ በተጠቀሰው ክፍል ከ… ዓ.ም ጀምሮ በ… የሥራ መደብ እያገለገልኩ እገኛለሁ። እናቴ በሕክምና ላይ በመሆናቸው ዘወትር ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት ሆስፒታል የማደርሳቸውና የማስታምማቸው እኔ ነኝ። ስለሆነም ከ… ጀምሮ ለሁለት ወር ማክሰኞ በ6:30 እንድወጣ፣ የሚጎድለውን 4 ሰዓት ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ ከጠዋቱ 1:30 በመግባት እንዳሟላ እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ። ማክሰኞ ከሰዓት የሚመጣውን ሥራ … ለመሸፈን ተስማምተዋል። የሐኪም ማስረጃ 1 ገጽ አያይዣለሁ።*

*ከሰላምታ ጋር*
*ግልባጭ፦ ለሰው ኃይል አስተዳደር*

«ለሁለት ወር» ያልኩት በምክንያት ነው። አለቃ የሚፈራው ለዘላለም የሚሆን ነገር ነው። በሙከራ ከጀመረ፣ ሥራው ካልተበላሸ፣ ማንም አንሥቶ አይከለክልም። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፣ ቁጥርና ቀን የተጻፈበትን ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። መዝገብ ቤት የሌለው ትንሽ ድርጅት ከሆነ ኮፒው ላይ የተቀበለው ሰው ይፈርም። እሱም ካልሆነ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ላኩት፣ ቀኑ ይቀመጣል።

የሚሸፍናችሁን ባልደረባ አትርሱ። ውለታው እንዳይከማች ቶሎ ቶሎ መልሱ። እሁድ የምትገቡለት ከሆነ እሁድ ግቡለት።

8. እንቢ ካሉ

ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ እንቢታው የሚላላው እዚህ ጋ ነው፣ ለመጻፍ ያሳፍራልና። ማኅበር ካለ ወደ ማኅበር ሂዱ። ከሌለ በየአካባቢው ያለ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች አሉት። ማማከር ነፃ ነው።

ሰዓት ማሸጋሸግ አሠሪውን በሕግ የምታስገድዱበት ነገር አይደለም፣ አልዋሻችሁም። መባረር ግን ሌላ ነው። የአዋጁ አንቀጽ 26 ሠራተኛን ለማሰናበት በቂ ምክንያት አይሆኑም ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ፣ ከጾታ፣ ከሃይማኖትና ከእርግዝና ጎን፣ የቤተሰብ ኃላፊነት አለ። ኢትዮጵያም የቤተሰብ ኃላፊነት ስላለባቸው ሠራተኞች የሚናገረውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 156 በፈረንጆቹ 1991 አጽድቃለች። «አንቺ ቤትሽ ችግር ስላለ…» ብሎ የሚጀምር የስንብት ቃል ከሰማችሁ ቀኑንና የሰማውን ሰው መዝግቡ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ውል ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሦስት ወር እንዴት እንደሚያልፍ አያውቀውም።

9. ይህን የምታነቡ አለቆች ካላችሁ

ትልቅ በጀት አይጠይቅም። በሥራ ደንባችሁ ውስጥ «የማስታመም ፈቃድ» የሚል አንድ አንቀጽ ጻፉ፣ በዓመት ሦስት ቀን እንኳ ቢሆን። ስም ሲኖረው ሰው መዋሸት ያቆማል። ለሴቶች ብቻ አታድርጉት። አባቱን የሚያጥብ ወንድ ልጅ ከሴቷ በላይ ይደብቃል። የነገሯችሁን ለሻይ ወሬ አታውሉት፣ ማስረጃውም ሁሉም በሚከፍተው ፋይል ውስጥ አይቀመጥ። ሥልጠና ሲመጣም «እሷ እንኳ አትችልም» ብላችሁ ሳትጠይቋት አትዝለሏት።

በማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ቅጽ ላይ ደግሞ አንድ መስመር ጨምሩ፦ «ሠራተኛው ምክንያቱን ተጠይቋል? መልሱ ምንድን ነው?» መስመሩ ሳይሞላ ደብዳቤው አይፈረምም። እኛ ጋ ይህ የተጨመረው ከዚያች ባልደረባ እናት አርባ በኋላ ነው።